52 ቦታ ይቆረጥ የተባለው ፊልምና የፈረሰው የይግባኝ ጉባኤ

በእኔ ዕድሜ ክልል ያለ የአዲስ አበባ ልጅ ጃኪ ሽሮፍን አይዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው «ሂሮ» በተሰኘው የህንድ ፊልም ስሙ የገነነ፣ ሸንቃጣና ሪዛም ጎረምሳ ነበር። በዚያ ዘመን መርካቶ አካባቢ በነበሩት ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም ለማየት ሰልፍ ላይ ያልተጋፋ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን በቃሉ ያልያዘ ከጓደኞቼ መካከል ጥቂት ነው። ሰሞኑን ከእኩዮቹ ጋር አጫጭር ፊልም መሥራት የሚሞካክረው የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ከፍቶ «ጋሼ፣ ይኼን ሰውዬ ያውቁታል?» አለኝ። አላወቅሁትም። ያረጀ፣ ዓይኑ የደከመ፣ ግን ሰው ሁሉ የሚርድለት የወንበዴዎች አለቃ ነው። ለካ ያ የልጅነታችን ሸንቃጣ ነው!

ፊልሙ «አራንያ ካንዳም» ይባላል። ቋንቋው እኛ ያደግንበት የቦምቤይ ሂንዲ ሳይሆን የደቡብ ህንዱ ታሚልኛ ነው። ዳይሬክተሩ ቲያጋራጃን ኩማራራጃ ከዚያ በፊት የማስታወቂያ ፊልም ከመሥራትና «ኦራም ፖ» ለተባለ የ2007 ፊልም ቃለ ተውኔት ከመጻፍ በቀር በራሱ ስም አንድም ሙሉ ፊልም አላዘጋጀም ነበር። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ጁን 10 ቀን 2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የህንድን ጉዳይ በሚመለከት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

እኔ የፊልም ሃያሲ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ስለዚህም ይበልጥ የያዘኝ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሽጉጥና ቢላዋ ሳይሆን፣ ፊልሙ ከተመልካቹ ፊት እስኪደርስ ያለፈበት የክርክር መንገድ ነው። ያ መንገድ ዛሬ የለም። ከ2021 ወዲህ ተዘግቷል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሱው ነው፤ አንድ አገር የዜጋውን የመናገር መብት ሳይሰርዝ፣ አንድም የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሳይነካ፣ አቤት የሚባልበትን በር ብቻ በመዝጋት መብቱን እንዴት ሊያሳንሰው እንደሚችል።

አንድ ቀን በሰሜን ቼናይ

የፊልሙ ታሪክ በአንድ ማለዳ ጀምሮ በማግስቱ ያልቃል። ቦታው የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው የቼናይ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ሲንጋፔሩማል የተባለው አለቃ፣ ማለትም የእኛው ጃኪ ሽሮፍ፣ አርጅቷል። ቀኝ እጁ የሆነው ፓሱፓቲ ትልቅ የኮኬይን ጭነት እንዳለ ሰምቶ እንግባበት ይለዋል። አለቃው ያመነታል። በዚህ ጊዜ ፓሱፓቲ እርጅናውን የሚነካ አንድ ቃል ጣል አድርጎ በቁስሉ ላይ እንጨት ይሰድበታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፓሱፓቲ የገዛ ባልደረቦቹ የሚያድኑት አውሬ ይሆናል፤ ሚስቱም በአለቃው ሰዎች እጅ ትወድቃለች። ኮኬይኑ ደግሞ በዶሮ ማዋጋት ውርርድ ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ወደ ከተማ የመጣ አንድ የከሰረ ሰካራምና ትንሽ ልጁ እጅ ይገባል። ተቀናቃኙ የወንበዴ ቡድንም ዕቃውን ፍለጋ ይነሳል። በዚህ ሁሉ መሀል ሱቡ የምትባል ወጣት ሴት አለች፤ አለቃው እንደ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጣት፣ ሲያሻው የሚደበድባት።

የፊልሙ ርዕስ የተወሰደው ከህንዶች ጥንታዊ የጀግንነት መጽሐፍ ከራማያና ሦስተኛ ክፍል ሲሆን ትርጉሙ የጫካው ምዕራፍ እንደማለት ነው። የገጸ ባሕርያቱ ስምም የአውሬ ስም ያዘለ ነው፤ የአንዱ አለቃ ስም አንበሳን፣ የሌላው ዝሆንን ያነሳል። ጫካው ከተማው መሆኑ ነው። እንደለመድነው ጀግናው ተራራ ላይ ወጥቶ አይዘፍንም፤ ጭፈራ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ የሚናገሩት የሠፈራቸውን ቋንቋ ነው፤ ይሳደባሉ፣ ይዋሻሉ፣ በሞት መካከልም ይቀልዳሉ። ጠቡ ሲነሳ ደም ይፈሳል፤ ቢላዋ የወጋው ሰው ያመዋል። በተለመደው የታሚል አክሽን ፊልም አንድ ኮከብ ሃያ ሰው ጥሎ ሸሚዙ አይጨማደድም። እዚህ ግን የገደለውም ያልገደለውም ይፈራል።

52 ቦታ ይቆረጥ

ፊልሙ በ2010 ኒውዮርክ በተካሄደው የደቡብ እስያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል በዳኞች ምርጫ የምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ። አገሩ ሲገባ የጠበቀው ግን ሌላ ነው። በህንድ ማንኛውም ፊልም ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የማዕከላዊው የፊልም ቦርድ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የቼናይ ቅርንጫፍ ቦርድ ፊልሙን አይቶ ስድቡና ጭካኔው በዝቷል በማለት 52 ቦታ እንዲቆረጥ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ለቦርዱም ፍትሐዊ መሆን ይገባናል። ፊልሙ የልጅ ፊልም አይደለም። እኔ ራሴ ከአንድ ሁለት ትዕይንት ፊቴን መልሻለሁ። ነገር ግን ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል፤ «ለአዋቂ ብቻ» የሚል የምስክር ወረቀት አለ። የፊልሙ ባለቤቶችም ይህንኑ ወረቀት ለመቀበል ዝግጁ ነበሩ። በሕግ ቋንቋ ስናወራ ጥያቄው ልጆችን የመጠበቅ ጥያቄ መሆኑ እዚህ ላይ አብቅቷል። የቀረው አንድ አዋቂ ዜጋ ሌላው አዋቂ ዜጋ የሠራውን ሥራ ሙሉውን እንዲያይ ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም የሚለው ነው።

ቆራጭ ሁልጊዜ የሚያየው ቁራጩን ነው። ይህች ትዕይንት ትከፋለች፣ ትውጣ ይላል። የሱቡን ነገር እንውሰድ። አለቃው የሚያዋርዳት ትዕይንት ለዓይን ይከብዳል። ነገር ግን ወንዶቹ ሁሉ አንበሳና ዝሆን ነን እያሉ እርስ በርስ ሲበላሉ ከቁጥር ያላስገቧት ይህችው ሴት በስተመጨረሻ የምታደርገው ነገር ትርጉም የሚኖረው መዋረዷን ካየን ብቻ ነው። መጨረሻውን ነግሬ የአንባቢን ምሽት አላበላሽም። በጨዋነት ስም መከራዋን ቆርጦ ማውጣት ግን ሴቲቱን ማክበር ሳይሆን ፍርዷን መንጠቅ ነው።

ፕሮዲዩሰሩ ኤስ.ፒ.ቢ. ቻራን፣ የስመ ጥሩው ድምፃዊ የኤስ.ፒ. ባላሱብራማንያም ልጅ፣ እሺ ብሎ መቀሱን ሊያነሳ ይችል ነበር። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። እሱና ዳይሬክተሩ ግን ወደ ዴልሂ፣ ወደ ፊልም ምስክር ወረቀት ይግባኝ ጉባኤ ሄዱ። ጉባኤው ፊልሙን እንደ አንድ ሙሉ ሥራ አይቶ፣ ያ ሁሉ ቆረጣ ሳይፈጸም፣ ለአዋቂ ብቻ በሚል እንዲታይ ፈቀደ።

ፊልሙ ገበያ ላይ አልተሳካለትም፤ ሲኒማ ቤትም ብዙ አልቆየም። በ2012 በተገለጸው ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ግን የምርጥ የመጀመሪያ ፊልም ዳይሬክተርና የምርጥ ኤዲቲንግ ሽልማቶችን ወሰደ። ነገሩን የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ይቆረጥ ያለው ቦርድም ሽልማቱን የሰጠው ተቋምም ተጠሪነታቸው ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለህንድ የማስታወቂያና ብሮድካስት ሚኒስቴር ነበር። የአንድ ሚኒስቴር አንደኛው ክፍል 52 ቦታ ተቀዶ ካልተሰፋ ያለውን ጨርቅ፣ ሌላው ክፍል የዓመቱ ምርጥ ስፌት ብሎ ሸለመው። በሁለቱ መካከል ይግባኝ ጉባኤው ባይኖር ኖሮ የሚሸለመው ፊልም አይኖርም ነበር።

ሳንሱር የተፈቀደበት ዋጋ

ይህ ጉባኤ የመንግሥት ቸርነት አልነበረም። አመጣጡን ማወቅ የዛሬውን ጉዳይ ለመረዳት ይጠቅማል።

የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የመናገር ነፃነትን ይሰጥና ወረድ ብሎ በሕግ ሊገደብ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ የአገር ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ጨዋነትና ሥነ ምግባር፣ ስም ማጥፋትና የመሳሰሉት። የ1952ቱ የሲኒማቶግራፍ ሕግ እነዚህኑ ምክንያቶች ወስዶ የፊልም መመዘኛ አደረጋቸው። ክዋጃ አህመድ አባስ የተባሉት ታዋቂ ደራሲና ዳይሬክተር (የራጅ ካፑርን «አዋራ» ያየ ሁሉ ድርሰታቸውን አይቷል) በአራት ከተሞች የሀብታምና የድሃ ኑሮ ላይ ያተኮረ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርተው ቦርዱ ሲያሰናክልባቸው ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት።

አባስ ያነሱት ክርክር አራት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ቅድመ ምርመራ ጭራሹን ሊኖር አይገባም። ሁለተኛ፣ ይኑር ከተባለም መመዘኛው ግልጽ ይሁን። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የጊዜ ገደብ ይኑረው። አራተኛ፣ ይግባኙ ለራሱ ለመንግሥት ሳይሆን ለፍርድ ቤት ወይም ለነፃ የይግባኝ ጉባኤ ይሁን። ፍርድ ቤቱ በ1970 በሰጠው ውሳኔ በመጀመሪያው ነጥብ አባስን ረታቸው፤ ፊልም ስሜትን በመቀስቀስ ኃይሉ ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ስለሚለይ አስቀድሞ ማየት ይቻላል አለ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ነጥብ ግን የመንግሥቱ ጠበቃ ራሳቸው ተቀበሉ፤ መንግሥት ሕጉን እንደሚያስተካክልም ቃል ገቡ። ቃሉ ተግባር ላይ እስኪውል ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ሕጉ በ1981 ተሻሻለና ጉባኤው በ1983 ተቋቋመ።

እንግዲህ ሁለቱን አብረን እናንብባቸው። የህንድ መንግሥት ፊልምን አስቀድሞ የመመርመር ሥልጣኑ በፍርድ ቤት በጸናበት በዚያው መዝገብ፣ ነፃ ይግባኝ ሰሚ እንደሚኖር ቃል ተገብቷል። በእኔ አስተያየት ጉባኤው ሳንሱር የተፈቀደበት ዋጋ ነበር።

ዋጋነቱንም አስመስክሯል። በ1994 ሼካር ካፑር ስለ ፉላን ዴቪ ሕይወት በሠራው «ባንዲት ኩዊን» ጉዳይ፣ ጉባኤው ለአዋቂ ብቻ ብሎ የፈቀደውን ፊልም የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አግዶት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 ከፍተኛውን ፍርድ ቤት ሽሮ የጉባኤውን ውሳኔ አጸና፤ ፊልም የሚመዘነው በአንዲት ትዕይንት ሳይሆን በጠቅላላ መልእክቱ ነው አለ። በ2000 ደግሞ ጉባኤው አንዴ ከወሰነ በኋላ መንግሥት ውሳኔውን ሊሽረው እንደማይችል፣ ሕዝብ ይቆጣል የሚል ሥጋት ካለም ጸጥታ ማስከበር የመንግሥት ሥራ መሆኑን ያው ፍርድ ቤት አስረግጦ ተናገረ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1989 «ኦሬ ኦሩ ግራማቲሌ» የተባለ የታሚል ፊልም የምስክር ወረቀቱን የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሰርዝበት የመለሰለት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነበር።

ከእነዚህ መዝገቦች አንድ ነገር ልብ ይሏል። በሁለቱ ፊልሙን ያገደው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ይህን የምለው ዳኞችን ለማሳነስ አይደለም። ፍርድ ቤት ፊልም ለመመዘን የተደራጀ ቦታ አለመሆኑን ለማሳየት ነው።

በ2021 ምን ሆነ?

በኤፕሪል 2021 የህንድ መንግሥት በድንጋጌ በርከት ያሉ ልዩ የይግባኝ ጉባኤዎችን አፈረሰ፤ በዚያው ዓመትም በምክር ቤት አጸደቀው። የፊልሙ ጉባኤም አብሮ ሄደ። የተሰጠው ምክንያት ጉባኤዎቹ ፍትሕን ያፋጠኑበት ማስረጃ የለም፣ ለመንግሥት ካዝናም ወጪ ናቸው የሚል ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በቦርዱ ውሳኔ ያልተስማማ ፊልም ሠሪ የሚሄደው ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እንደ ቪሻል ባርድዋጅና ሃንሳል መህታ ያሉ ዳይሬክተሮች በወቅቱ ቅሬታቸውን በአደባባይ ገልጸዋል።

የመንግሥት ክርክር ጭራሹን ባዶ አይደለም። ጉባኤው የነበረው ዴልሂ ነው፤ የቼናይ ሰው ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ነበረበት። ዛሬ በገዛ ከተማው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለለት። በሕግ ዕውቀቱም ዳኛ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜ ነው። የህንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ክምር የታወቀ ነው፤ የአንድ ፊልም አቤቱታ ከእስረኛው፣ ከመሬት ባለጉዳዩና ከጡረተኛው ጋር ተራ ይጠብቃል። ሁለተኛው ወጪ ነው። ጉባኤው ዘንድ ፊልም ሠሪው ቀርቦ ስለ ሥራው ያስረዳ ነበር፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ደህና ጠበቃ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሙያ ነው። ጉባኤው በዳኝነት ልምድ ባለው ሰው ሰብሳቢነት ሥራዬ ብሎ ፊልም ለማየት የተቋቋመ ነበር። ዛሬ ዳኛው ወይ የቦርዱን ውሳኔ በወረቀት ብቻ መመርመር፣ ወይ ችሎቱን አቁሞ ራሱ ፊልም ማየት አለበት። በ2025 «ማኑሺ» በተባለው የታሚል ፊልም ጉዳይ የሆነው ሁለተኛው ነው፤ ቦርዱ ፈቃድ ነፍጎት ክርክሩ ማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ዳኛው የተቃውሞውን ተገቢነት ለማወቅ ፊልሙን ራሳቸው ለማየት ወሰኑ። ለዳኛው ትጋት ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን አንድ አገር በየፊልሙ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሲኒማ ቤት እየላከ እስከ የት ይዘልቃል?

የ«ማኑሺ» ፕሮዲዩሰር ቬትሪማራን ነው። እሱም በ2007 «ፖላዳቫን» በተባለ አክሽን ፊልም የጀመረና ዛሬ በታሚል ሲኒማ ከሚከበሩት ዳይሬክተሮች አንዱ የሆነ ሰው ነው። በ2025 «ባድ ገርል» የተሰኘውን የአንዲት ጀማሪ ዳይሬክተር ፊልም ለተመልካች ባቀረበበት ሰሞን፣ ፊልም የማምረት ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ የሁለቱ ፊልሞች የሳንሱር ጣጣ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ደከመኝ ካለ፣ ስም የሌለው ምን ሊል ነው?

ለጀማሪ ለምን ይብሳል?

የታሚል ሲኒማ ተራ መዝናኛ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክፍለ ግዛቱን ከመሩት መካከል አናዱራይና ካሩናኒዲ የፊልም ደራሲዎች፣ ኤም.ጂ. ራማቻንድራንና ጃያላሊታ ደግሞ የፊልም ኮከቦች ነበሩ። በ2024 እንኳ ተዋናይ ቪጃይ የራሱን ፓርቲ መሥርቷል። በዚያ አገር ፊልም ላይ የሚያዝ ሰው የሚያዘው በፖለቲካው መድረክ ላይም ጭምር ነው።

ታላቅ ኮከብ ያለበት ፊልም ሲታገድ ደጋፊው አደባባይ ይወጣል፣ ጋዜጣው ይጽፋል፣ ሚኒስትር ስልክ ያነሳል። በ2013 የካማል ሃሳን «ቪሽዋሩፓም» ከቦርዱ የምስክር ወረቀት አግኝቶ ሳለ የታሚል ናዱ መንግሥት በየወረዳው ሲያግደው፣ ተዋናዩ ገንዘቤን ሁሉ አፍስሼበታለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ አገር ተንጫጫ፤ ከድርድር በኋላም ፊልሙ በፌብሩዋሪ ታየ። ጀማሪ ግን ማን ይንጫጫለታል? ፊልሙ በብድር ተሠርቷል፤ ወለዱ በየቀኑ ይቆጥራል። ሲኒማ ቤቶቹ የያዙለት ሳምንት ካለፈ ሌላ ሳምንት አይሰጡትም። ቦርዱ ይህን ያውቃል ማለቴ አይደለም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። 52 ቦታ ቁረጥ ካለው በኋላ የቀረውን ወለዱና የቀን መቁጠሪያው ይጨርሱለታል። ክርክሩን ለማሸነፍ 6 ወር የሚፈጅ ከሆነ፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ ቢቆርጠው ይቀለዋል። «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» የምንለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ማንም የማያየው ቆረጣ ነው። የሚቀጥለው ጀማሪ ይህንን አይቶ ድርሰቱን ሲጽፍ ገና ከቤቱ ይቆርጠዋል። ለአዋቂ ብቻ የተባለ ፊልም እንዳለ በቴሌቪዥን ሊታይ ስለማይችል ገቢው ይቀንሳል፤ ገንዘብ ሰጪው ይህንን አስቀድሞ ያሰላል። ስለዚህ የሰሜን ቼናይ ወንበዴ እንደ ትምህርት ቤት መምህር እየተናገረ፣ ሱቡም ሳትደበደብ እያለቀሰች ይቀርቡልናል። ያልተጻፈውን ትዕይንት የሚቆጥር መሥሪያ ቤት የለምና ይህ ኪሳራ በማንም ሪፖርት አይገባም።

በ2023 ሕጉ በአዲስ መልክ ተሻሽሏል። በጎ ነገር አለው፤ በወላጅ ክትትል የሚታዩትን ፊልሞች በ7፣ በ13 እና በ16 ዓመት ዕድሜ ለያይቷቸዋል፤ የምስክር ወረቀቱም በ10 ዓመት የሚያበቃ መሆኑ ቀርቷል። ወላጅን አሳውቆ ምርጫውን ለእሱ መተው ትክክለኛው አቅጣጫ ነው። የፈረሰውን ጉባኤ ግን አልመለሰም። እንግዲህ ዋጋው ከተነሳ በኋላ የተገዛው ዕቃ፣ ማለትም ሳንሱሩ፣ በነበረበት አለ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የእኛ ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ከህንዱ ይቀድማል። ደርግ ከወደቀ በኋላ የወጣው የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከለከለ። ህንዶች በፍርድ ቤት ተከራክረው ያላገኙትን እኛ በጽሑፍ ይዘነዋል። ከዚህ ተነስቶ የህንዶቹ ጉዳይ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል።

ጉዳያችን ነው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት በሕግ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙ ነገር ይበልጥ መብትን ያስረዳኛል። መብት ማለት አንቀጹ ብቻ አይደለም። አንድ ሹም «አይቻልም» ሲል ለምን ብሎ በጽሑፍ የሚጠየቅበት፣ መልሱም ካላጠገበ በቶሎና በአነስተኛ ወጪ ወደ ሌላ ሰው የሚኬድበት መንገድ ነው። ግብር የከፈለ ነጋዴ የግብር ይግባኝ ሰሚ አካል ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል፤ ዕድሜው በመደበኛ ፍርድ ቤት ደጅ እንዳያልቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት ተደግፎ እንዲሰጥ፣ ቅር የተሰኘም በፍርድ ቤት እንዲያስከልሰው ፈቅዷል። ከጋዜጠኛውም ከነጋዴውም ከፊልም ሠሪውም መካከል ይህንን አዋጅ የሚያውቀው ስንቱ ይሆን? «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እያለ ያደገ ሕዝብ የይግባኝን በር ለመለማመድ ጊዜ ይፈልጋል። በሩ ሳይለመድ ከተዘጋ ደግሞ መዘጋቱን እንኳ የሚያይ አይኖርም። የህንዶቹ በር ሲዘጋ ያዩት ለ38 ዓመት ስለተመላለሱበት ነው።

የአገር በቀል ወጋችን ይህንን ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆም ነበር። ቃሉ ኃይል ያገኘው ከቃሉ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉን ሰምቶ የሚቆም፣ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ ስለነበረ ነው።

ኩማራራጃ ከመጀመሪያ ፊልሙ በኋላ ሁለተኛውን ለማቅረብ 8 ዓመት ፈጅቶበታል። «ሱፐር ዴሉክስ» በ2019 ወጣ፤ በፊልሙ የተወነው ቪጃይ ሴቱፓቲም ብሔራዊ ሽልማት አገኘበት። የመጀመሪያው ፊልም 52 ቦታ ተቆርጦ ቢወጣ ኖሮ ለሁለተኛው ገንዘብ የሚያምነው ሰው ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ፊልሙ ሲያልቅ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ዘግቶ «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ ቢጀምር ኖሮስ?» አለኝ። ጥሩ ጠበቃ፣ ወለድ የማይቆጥርበት ገንዘብና ትዕግሥተኛ ዳኛ ካገኘ ይሳካለት ይሆናል አልኩት። ልጁ ጥቂት አሰበና «ሦስቱን ያገኘ ሰው መቼ ጀማሪ ይባላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቸር እንሰንብት።